ቀመመች ወይስ ቀመሰች

መጋቢት 16 ቀን 2002 ዓ.ም.

እናታችን ቴሌቪዥኑን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ውድ አይናዲስ፣

ባለፈው እሑድ ደውለሽ «ሰው ምን አለ? ወደዱት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ወደዱት» ብዬ ዘጋሁት። ስልኩ ያለው ሻይ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው። እኔ ማውራት ስጀምር ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ማማሰሉን ትቶ ያዳምጣል። ሙሉውን መልስ ለመስጠት ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ነገ ሙላት አውቶብሱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ እሰጠዋለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ደብሪቱ ቤት፣ መደብ ላይ ተቀምጬ ነው። ደብሪቱ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ እስክትመጣ እየጠበቅኋት ነው። የላከችኝ እናታችን ናት። ስለ ራሷ የላከችው መልእክት አጭር ነው፦ «የብርጓል ታማለች፤ የዘንድሮውን የፋሲካ ወጥ አንቺ ያዢው» በያት ነው ያለችኝ። ለካህናቱና ለአብነት ተማሪዎቹ የሚሠራውን ወጥ ማለቷ ነው። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የሰንበቴውን ድስት ከእናታችን በቀር የያዘ ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ። ደብሪቱም ሽንኩርት ስትከትፍላት ኖራ ኖራ፣ ድስቱን እንደምትመኘው ታውቂያለሽ። መልእክቱን አንዴ ከተናገርሁት አይመለስም።

እናታችን ደግሞ ታማ አልተኛችም። ጠዋት ኪዳን አድርሳ፣ ውኃ ቀድታ፣ ምስር ለቅማለች።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሰው ምን አለ ብለሽ የለ?

የቴሌቪዥኑ የምግብ ዝግጅት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲጀምር ሻይ ቤቴ መቀመጫ አይገኝም። ገበያተኛው አህያውን ውጭ አስሮ ይገባል። ሾፌሮች ይገባሉ። ዜና ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ሽንኩርት ሲከተፍ ይነቃል። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሊማሩ አይደለም። እዚህ የሚቀመጠው ወንድ አብዛኛው ድስት ጥዶ አያውቅም። የሚያዩት ሊፈርዱ ነው።

የሚጠሉትን ላስቀድም፤ እሱ ይበዛል።

ተከትፎ የሚመጣውን ሽንኩርት ይጠላሉ። ሁሉም ነገር በትንንሽ ሳህን ተሰናድቶ ሲደረደር አያ እንዳላማው በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ታስታውሺዋለሽ፣ ከወንዝ ማዶ ያለው ገበሬ፣ ጤፍ ሊሸጥ መጥቶ ሳይሸጥ የሚመለሰው። «ማን ከተፈው?» ይላል። «የከተፈችዋን ለምን አያሳዩንም? ያለቀሰች እሷ ናት።»

ልኩንም ይጠላሉ። «አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት» ሲባል የማይስቅ የለም። ድስቲቱን ሲያዩ ይባስ ይስቃሉ።

«ይኸ ለስንት ሰው ነው?»

«ለሁለት ነው የተባለ።»

«እንግዳ ቢመጣሳ?»

በዚያ ወጥ ቤት እንግዳ አይመጣም። ጭስ የለም፣ ልጅ አያለቅስም፣ ጎረቤት እሳት ልትጭር አትገባም። አዘጋጇን ደግሞ አይችሏትም። ባለሙያው አንድ ቃል ሲጀምር እሷ ትጨርስለታለች። ሙላት «ይቺ ልጅ የአውቶብስ ረዳት ብትሆን ተሳፋሪው ሁሉ ደጀን ላይ ወርዶ በእግሩ ይሄድ ነበር» ይላል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መጨረሻው ነው። ሁለቱ ቆመው በሹካ ጫፍ ይነካሉ፣ «በጣም ይጣፍጣል» ይላሉ፣ ያልቃል። አንድም ቀን «ጨው በዝቶበታል» ሲሉ ሰምተን አናውቅም። አያ እንዳላማው «ቆሞ ቀምሶ የሚያመሰግን ሰው አላምንም» ይላል። «ተቀምጦ ይብላ፤ ሳህኑን ጨርሶ ሲጠርግ ያሳዩኝ።»

የሚወዱትን አይናገሩም። እኔ ግን ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ፊታቸውን አያለሁ። ቅቤ ድስት ላይ ሲቀልጥ ወሬ ይቆማል። ዶሮ ሲበለት አብረው ይቆጥራሉ፤ መላላጫ፣ ፈረሰኛ፣ ክንፍ እያሉ። አንድ ብልት ያጎደለ ባለሙያ እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ ይታማል። ማማሰያው ሲዞር አንገታቸው አብሮ ይዞራል። እቤታቸው ምግብ የሚያዩት ተሠርቶ ሲመጣ ነው። ሲሠራ ለማየት ጓዳ ቢገቡ ሚስቶቻቸው «ምን ጠፋህ?» ብለው ያስወጧቸዋል። ቴሌቪዥኑ ጓዳ አስገባቸው። ይመስለኛል የሚወዱት እሱን ነው። አንዲት ሴት ዓይኗን ድስቱ ላይ ተክላ ለሰው ብላ ስትደክም፣ ማንም ሳያባርራቸው ያያሉ።

በጾምም አይቀሩም። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም፣ የቅኔ መምህሩ፣ በጾም ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ነው የሚቀመጡ። ግን ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሙላት «መሪጌታ፣ ጆሮስ አይጾምም እንዴ?» ብሎ ነካቸው።

«ጆሮ የሚጾም ከሐሜት ነው» አሉ ሳይዞሩ። «ቅቤ ደግሞ ሲንጫጫ ሰው አያማም።»

እንግዲህ አንቺ ባለፈው ቅዳሜ በቴሌቪዥን የቀረብሽው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

እናታችን የዚያን ቀን ለክብረ በዓል የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች። ዱካዋን ይዛ ከሁሉም ፊት ተቀመጠች። ስምሽና አገርሽ ከሥር ሲጻፍ መንገድ ላይ የነበረው ሁሉ ገባ። «ከስታለች» አለ አንዱ። «የለም፣ አምሮባታል።» «ራሷ ላይ ያለው ምንድን ነው?» «የወጥ ቤት ባርኔጣ ነው።» «ዳቦ መስሎኝ።» ተሳቀ። አንቺ ግን ሽንኩርቱን ራስሽ ላጥሽ፣ ራስሽ ከተፍሽ፣ ዓይንሽን በክንድሽ ጠረግሽ። አያ እንዳላማው «ይቺ የኛ ናት» አለ። ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀም። ዶሮውን አሥራ ሁለት አድርገሽ ስትበልቺ አብረው ቆጠሩ፤ አልጎደለም። የእናታችን ትከሻ ቀና ሲል ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ወደዱት። በስልክ የነገርሁሽ እውነት ነው።

ከዚያ አዘጋጇ «የእናትሽ የፋሲካ ወጥ ምስጢሩ ምንድን ነው?» አለችሽ። ሳቅሽ። «እናቴ እየ...» ብለሽ ስትጀምሪ አንድ የጭነት መኪና በራችን ላይ ጥሩምባውን ነፋ። «...ነው የምትሠራው» የሚለው ብቻ ተሰማ። አዘጋጇ «ድንቅ ነው» ብላ ወደ ማስታወቂያ ወሰደችን።

«ምን አለች?»

«እናቴ እየቀመመች ነው የምትሠራው አለች።»

«የለም፤ እየቀመሰች ነው ያለች።»

ሆቴል ብዙ ቆይተሻልና ላስታውስሽ። የፋሲካ ወጥ የሚሠራው ቅዳሜ ስዑር፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው። ቅቤና ሥጋ የገባበትን ድስት የምታማስል ሴት ምላሷ ላይ አታደርስም። በዓይን፣ በጆሮ፣ በአፍንጫ ነው የሚሠራ። ሰው የእናታችንን ወጥ የሚያመሰግነው ስለ ጣፈጠ ብቻ አይደለም፤ ሳይቀመስ ስለ ጣፈጠ ነው። በአንቺ ሙያ ያልቀመሱትን ማቅረብ ነውር ነው። በእሷ ሙያ ነውሩ መቅመሱ ነው።

«ቅዳሜ ስዑር ይቀመሳል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እስቲ መሪጌታ ይፍረዱ» ተባለ።

መሪጌታ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ሁለቱን ቃል የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው» አሉ። «መ ከሆነ የእናቷን ሙያ ተናገረች። ሰ ከሆነ የእናቷን ገበና ተናገረች። ፊደሉ ያልለየለት ቃል ሲገኝ ደግሞ ለሚበጀው ይነበባል። ቀመመች ብያለሁ።»

«ጀርባዎን ሰጥተው ነበር እኮ» አላቸው ሙላት።

«የሰማሁት በጆሮዬ ነው። ጆሮዬ ያለ ወደ ጎን ነው።»

ተሳቀ። ነገሩ በዚያው ሊያልፍ ነበር። አያ እንዳላማው ወደ እኔ ዞረ። «ማርያማዊት፣ አንቺ ድምፁን ልትጨምሪ አጠገቡ ቆመሽ ነበር። ምን አለች?»

«መኪናው ጮኸ፤ አልሰማሁም» አልሁት።

ሰምቻለሁ። ቀመሰች ነው ያልሽ።

እናታችን ወደ ኋላ አልዞረችም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ዱካዋን አንስታ ወደ ጓሮ ገባች። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ መጥታ ነጠላዋን አወለቀችና ቴሌቪዥኑ ላይ ጣለችው፤ አራቱንም ጫፍ አስተካከለች። ሰኞ ጠዋት ሙላት ሲገባ አየውና «ምነው ይኸ ሰውዬ ተገነዘ?» አለ። ማንም አልሳቀለትም፤ ማንም ደግሞ ነጠላውን ሊያነሣ አልደፈረም። ዛሬም እንደተሸፈነ ነው።

በዚያው ሰኞ ደብሪቱም ሻይ ቤት መጣች። ሻይ አትጠጣም፤ ጾም ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ «እኔ ምንም አላልሁም» አለች። «ሰው ግን እየጠየቀ ነው። የብርጓል ዘንድሮ ድካሟም ይታየኛል። ብታርፍስ?»

«ድካሟ የት ታየሽ?» አልኋት።

«ኧረ ተይ እቴ፣ ለእሷው ብዬ ነው።»

ማክሰኞ ዕለት እናታችን ጓሮ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ተናዳብሽ ነበር የመሰለኝ። ላብርድላት ብዬ ነው የጀመርሁት።

«አይናዲስ ሳታስበው ነው የተናገረች። ካሜራ ፊት ሰው ይደነግጣል። ያልሆነውን ዋሽታብኛለች ብለሽ አትያዥባት።»

«አልዋሸችም» አለች።

ምስሩን መልቀም አላቆመችም።

«አምና የጥምቀት ሰሞን ጉንፋን ጥሎኝ አልነበረ? ያን ጊዜ ሽታዬ ሄደ። አልተመለሰም።»

«የምን ሽታ?»

«አፍንጫዬ ሞተ እልሻለሁ። አበባው፣ ጭሱ፣ ሽንኩርቱ፣ እበቱ፣ ሁሉም አንድ ነው። ድስት ፊት ስቆም ያንቺን ቴሌቪዥን የማይ ይመስለኛል። ይንተከተካል፣ ይቀላል፣ አይሸትም።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ባለፈው ክረምት ወተት ጥጄ ደንበኛ ላስተናግድ ወጣሁ። ወተቱ ገንፍሎ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታፈን እናታችን አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ዓይኗ የደከመ መስሎኝ ነበር።

«አምና ቅዳሜ ስዑር ድስቱ ፊት ቆምሁ» አለች። «ካህናቱ፣ ተማሪዎቹ፣ ያ ሁሉ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ የሚገድፍበት ነው። ጨው ጨምሬ ይሁን፣ አልጨመርሁ ይሁን ጠፋኝ። ሽንኩርቱ በስሎ ይሁን፣ ጥሬ ይሁን ጠፋኝ። ሴቶቹ ሲዞሩልኝ ጠብቄ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ሄድሁና ማማሰያውን ምላሴ ላይ ነካሁ። ተፋሁት። ቀና ስል አይናዲስ ቆማለች።»

«ምን አለችሽ?»

«ሳቀች። ‹ጨው ይበቃዋል?› አለችኝ። ‹ይበቃዋል› አልኋት።»

አይናዲስ፣ ይህን አንቺ ረስተሽው ይሆናል። ለአንቺ አንዲት ባለሙያ ወጧን ቀመሰች፤ ሌላ ምን አለው? እንዲያውም ደስ ብሎሽ ይሆናል፤ ሆቴል እንደምትሠሪው እናትሽም ስትሠራ አየሽ። በቴሌቪዥን የተናገርሽው ለማመስገን እንደሆነ አልጠፋኝም። እሷ ግን ከዓመት እስከ ዓመት የምትጠብቀው ይህን ነበር፤ ያየሽውን የምትናገሪበትን ቀን። እሱም የአገሩ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት መጣ።

«ለንስሐ አባትሽ ነግረሻል?» አልኋት።

«ትናንት ነገርኋቸው። አምናውን መንገር ነበረብኝ።»

«ቄስ ወልደ ገብርኤል ምን አሉሽ?»

«ስገጂ አሉኝ፤ እሰግዳለሁ። ወጡን ግን አትተዪ አሉኝ።»

«እና?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ካልቀመስሁ አላውቀውም። ከቀመስሁ ያው ነኝ። አምና ተፋሁት። ዘንድሮ ብውጠውስ?»

መሪጌታ ቀመመች ብለው እንደፈረዱ፣ ሰውም እንደተቀበለ፣ ዝም ካለች ነገሩ እንደሚያልፍ ነገርኋት። መሪጌታ የሚያስተምሩት ቅኔ ነው አለችኝ። «እሱ ሁለት ትርጉም ይሸከማል። ወጥ አንድ ነው፤ ወይ ጨው አለው፣ ወይ የለውም።» ከዚያ ወደ ደብሪቱ ላከችኝ።

«ታማለች ማለት ውሸት አይሆንም?» አልኋት።

«ሽታ የሌለው ሰው ጤነኛ ነው?» አለችኝ።

ማክሰኞ ነው የላከችኝ። እኔ የመጣሁት ዛሬ፣ ሐሙስ ነው። ትናንት «ሄድሽ?» አለችኝ፤ «ደንበኛ በዛብኝ» አልኋት። ዛሬ ነጠላዬን ራሷ አምጥታ ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ።

አንድ ነገር አለ፣ በስልክ የማልነግርሽ። «ቀመሰች» ስትዪ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ክፉ ነገር ነው፤ ግን እንዲያ ነው የሆነው። ነጭ ለብሰሽ፣ አገር እያየሽ፣ «ያስተማረችኝ እናቴ ናት» ስትዪ እዚያው ቆሜ ነበር፣ እጄ ላይ የሻይ ትሪ ይዤ። ከዚያ ቃሉ ሲያመልጥሽ «አበላሸችው» አልሁ በልቤ። ደስታው ያለቀው የእናታችንን ጀርባ ሳይ ነው።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለታችንን ምድጃ ፊት አስቀምጣ ዓይናችንን ጨፍኑ ትለን እንደነበር ትዝ ይልሻል? ሽንኩርት መጀመሪያ ያስለቅሳል፣ ቀጥሎ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፣ መጨረሻ ማር ማር ይሸታል፤ ማር ሳይሸት በርበሬ አይገባም ትለን ነበር። ጨው የገባበት ወጥ እንፋሎቱ ይከብዳል ትለን ነበር። «አሁን ምን ሸተታችሁ?» ስትል አንቺ ትጮሂያለሽ። እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን እርግጠኛ እስክሆን ስዘገይ ትቀድሚኛለሽ። አንድ ቀን ማማሰያውን ለአንቺ ሰጠችሽና ለእኔ «ያንቺ እጅ ሻይ ነው የሚያውቀው» አለችኝ። አልከፋችብኝም፤ ሻዩም ይኸው እንጀራ ሆኖኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እሷ ድስት ስትጥድ አጠገቧ ቆሜ አላውቅም። ውኃ አቀብልና እወጣለሁ። ቆሜ ቢሆን ኖሮ አፍንጫዋ መሞቱን ለማወቅ ዓመት አይፈጅብኝም ነበር።

የቴሌቪዥኑ ሰዎች ሽታ አለመላካቸውን አንድም ደንበኛ ሲያማርር አልሰማሁም። ዓይንና ጆሮ በቂ ነው ብለው ይፈርዳሉ። እናታችን በዚያው በዓይንና በጆሮ ብቻ ለአንድ ደብር ወጥ ልትሠራ ሞከረች፤ በመጨረሻ ምላሷን ጨመረችበት። እኛ ተቀምጠን የምናየውን እሷ ቆማ ሠራችው። ይህን ሳስብ ነው እስከ አሁን የቆየሁት።

ቆይ። የሚሸት ነገር አለ።

ተመልሻለሁ። ደብሪቱ ጓዳ ምስር ጥዳ ነው የሄደች፤ ከስግደት ስትመለስ ልትበላው። ውኃው አልቆ ሊይዝ ምንም አልቀረው። አወረድሁት። ክዳኑን ስከፍት ሽንኩርቱ ገና ዳቦ ሲሸት በርበሬ እንደገባበት አወቅሁ። ጨው አልገባም። ጨዋታ መስሎኝ ክዳኑን መልሼ ገጠምሁና እንደገና ከፈትሁት። ያው ነው። ጨው የለውም። አልቀመስሁትም፤ የምበላበት ሰዓት አልደረሰም፣ ቤቱም የእኔ አይደለም።

ደብሪቱ ጎበዝ ናት፤ ስሟን ለማጥፋት አይደለም። ግን ቸኮለች፤ አፍንጫዋን አላመነችም፤ እንደ ሰው ሁሉ ኋላ ቀምሳ ልታስተካክል ነው። ቅዳሜ ስዑር ደግሞ ኋላ የለም።

እናታችን እጅ አላት። ዓይን አላት፣ ጆሮ አላት። የጎደላት አንድ ነገር ነው። እሱ ደግሞ ይኸውና እዚህ ተቀምጦ ይጽፋል። እምቢ ልትለኝ ትችላለች። «አፍንጫ ይዋሳል እንዴ?» ልትለኝ ትችላለች። ሴቶቹ ይስቁብን ይሆናል፤ አንዷ ስታማስል አንዷ እንደ ውሻ ስታሸት። ይሳቁ። ለሴቶቹ ደግሞ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ሽታዋ ሄዷል፣ ስለዚህ አብሬአት እቆማለሁ እላቸዋለሁ። አያ እንዳላማውም ዳግም ቢጠይቀኝ ቀመሰች ነው ያለችው እለዋለሁ። ከነገርሁት በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። መሪጌታ ይቆጡኛል፤ ፍርዳቸውን ሻርሁባቸው። እናታችን ግን አንድ ትርጉም ነው የምትፈልግ።

አንቺ ይቅርታ ጠይቂ ብዬ አልጻፍሁልሽም። በቴሌቪዥን ተመልሰሽም እንዳታርሚው፤ እናታችንን አንዴ አደባባይ አውጥተሻታል፣ ይበቃል። ደውዪላት። እኔ ባንኮኒውን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ብቻዋን ታነጋግርሽ። ስለ ወጥ አታንሺባት፤ የአምናው ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ በያት። ሌላውን ራሷ ትነግርሽ እንደሆነ ትነግርሻለች። ለፋሲካ ከቻልሽ ነይ፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው መቼም አይበዛም። ማሽተቱን ግን ለእኔ ተዪልኝ።

የደብሪቱ ድምፅ ከደጅ ይሰማኛል። «የብርጓል ልጅ እቤት እየጠበቀችሽ ነው» አሏት ጎረቤቷ። «ምን ፈልጋ?» «እንጃ፤ ተቀምጣ ትጽፋለች።» «ትጽፋለች? እኔ ቤት?» ጫማዋን እያራገፈች ነው።

ለምን መጣሽ ካለችኝ ምስርሽ ሊያርር ነበር እላታለሁ። ለዚያ አልመጣሁም፤ እውነት ግን ነው። የተላክሁበትን አልናገርም። ነጠላዬን አጣፍቻለሁ፤ ወረቀቱን እያጠፍሁ ነው። ወጣሁ።

እህትሽ
ማርያማዊት